ሳይንሱ ሲወድቅ ፍርዱ ለምን ይጸናል?

የቴክሳስ የወንጀል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2025 የሮበርት ሮበርሰንን የሞት ቅጣት አገደ። ሰውየው ሊገደል የቀረው አንድ ሳምንት ብቻ ነበር። ውሳኔው ዘግይቶም ቢሆን መልካም ነው። እኔን ያናደደኝ ቅጣቱ እንዲፈጸም የሚገፉት ሰዎች ያለማቋረጥ የሚደጋግሙት ክርክር ነው። ዋና አቃቤ ሕጉ ኬን ፓክስተንና ቢሮው እንደሚሉት ሮበርሰን የተፈረደበት በ«ሼክን ቤቢ» (ልጅን ነቅንቆ በመጉዳት) አይደለም፤ የሁለት ዓመት ልጁን ደብድቦ ስለገደለ ነው። ስለዚህ የሕክምና ሳይንሱ ቢለወጥም እሱን አይመለከተውም።

ይህ ክርክር መዝገቡን ዓይኑ እያየ መካድ ነው።

ሼክን ቤቢ ሲንድረም የሚባለው ሕፃን ልጅ በኃይል ተነቅንቆ ተጎድቷል የሚል የሕክምና ድምዳሜ ነው። ለአሥርት ዓመታት ሐኪሞች ሦስት ምልክቶችን ይፈልጉ ነበር፦ በአንጎል ሽፋን ሥር ደም መፍሰስ፣ የአንጎል ማበጥ፣ በዓይን የውስጥ ጀርባ (ሬቲና) ላይ ደም መፍሰስ። ሦስቱ ከተገኙ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ልጁን ለመጨረሻ ጊዜ የያዘው ሰው ወንጀለኛ ነው። ያየ የለም፣ የሰማ የለም። ምርመራው ራሱ ወንጀሉን፣ ጊዜውንና ገዳዩን ባንድ ጊዜ ይናገራል።

እ.ኤ.አ. በ2003 በሮበርሰን ችሎት የሆነውም ይኸው ነው። አቃቤ ሕጉ ለጁሪው፣ ከሕዝብ ተመርጠው ለሚፈርዱት ሰዎች፣ ጉዳዩ የሼክን ቤቢ ጉዳይ ነው አለ። የሮበርሰን የራሱ ጠበቃ እንኳ ይህንኑ ተቀብሎ ለጁሪው ነገረ። ልጅቷን የመረመረችው ሐኪምም ስለ መነቅነቅ መሰከረች። መርማሪው ብራያን ዋርተን ሰውየውን የጠረጠረው ሐኪሞች «ተነቅንቃ ነው» ስላሉት ነበር። ዋርተን ዛሬ ፖሊስነቱን ትቶ የሃይማኖት አገልጋይ ሆኗል። ሮበርሰን ንፁህ ነው ብሎም በአደባባይ ይሟገታል። ከሳሽ፣ ተከላካይና መርማሪ ሦስቱም ሼክን ቤቢ ያሉትን ጉዳይ ከሃያ ዓመት በኋላ ተነስቶ «እንዲያውም ያ አልነበረም» ማለት ምን የሚሉት ክርክር ነው?

ልጅቷ ከመሞቷ በፊት ምን ሆና እንደነበር ደግሞ እንይ። ለቀናት ታማ ነበር። ትኩሳቷ 104.5 ፋረንሃይት ደርሶ ነበር፤ በሴልሺየስ ከ40 በላይ ማለት ነው። ፕሮሜታዚንና ኮዴይን ታዘዘላት። ሁለቱም ትንፋሽ የሚያዳክሙ መድኃኒቶች ናቸው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ዛሬ በእሷ ዕድሜ ላለ ልጅ አይታዘዙም። በኋላ ናሙናዎቹን እንደገና የመረመሩ ባለሙያዎች ያልታወቀ ከባድ የሳምባ ምች አገኙ። ጁሪው ስለዚህ የሳምባ ምች አልሰማም።

ጁሪው የሰማው ሌላ ነገር ነበር። አባትየው ሆስፒታል ውስጥ አላለቀሰም፣ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም ነበር። እሱ እንደ ጥፋት ማስረጃ ተቆጠረበት። እ.ኤ.አ. በ2018 ሮበርሰን ኦቲዝም እንዳለበት ተረጋገጠ። ይህን ሳነብ የራሳችንን ሰዎች ነው ያሰብኩት። በቴክሳስ ከተሞች በዳላስና በጋርላንድ ውስጥ ስንት ሐበሻ አባት አለ፣ ሐዘኑን ውጦ፣ እጁን አጣምሮ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ለነርስ የሚመልስ? «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ተብሎ ያደገ ሰው በድንጋጤ ደርቆ ሲቆም፣ አንዱ ባለሙያ ነኝ ባይ ፊቱን አይቶ ቢፈርድበትስ? ፊት ማንበብ ሳይንስ አይደለም። ችሎት ውስጥ ግን ነጭ ጋውን ለብሶ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እዚህ ላይ መታገስ አልችልም። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የመጀመሪያ የሆነ ሕግ አወጣች። አንድ ሰው የተፈረደበት ሳይንስ ከተለወጠ ወይም ከተሻረ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ የሚፈቅድ ሕግ ነው። ጥሩ ሕግ ነው። በሥራ ላይ ግን ምን ሆነ? ሕጉ ከወጣ በኋላ ባሉት አሥር ዓመታት የሞት ፍረደኛ ሆኖ በዚህ ሕግ አዲስ ችሎት ያገኘ አንድም ሰው አልነበረም።

ኦክቶበር 9 ቀን 2024 ይኸው ፍርድ ቤት የአንድሩ ሮርክን ፍርድ ሻረ። ሮርክ በዳላስ ካውንቲ የተፈረደበት በሼክን ቤቢ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሳይንሱ ተለውጧል፣ ዛሬ ቢሆን ምስክርነቱ ሌላ ይሆን ነበር አለ። በሮርክ ላይ የመሰከረችው ሐኪም በሮበርሰን ላይ የመሰከረችው ናት። ያው ሐኪም፣ ያው ንድፈ ሐሳብ፣ ያው ክፍለ ሀገር። ታዲያ ምን ሆነ? ከቀናት በኋላ ያው ፍርድ ቤት የሮበርሰንን አቤቱታ ውድቅ አደረገ። ያኔ ሰውየው የዳነው የምክር ቤት ኮሚቴ፣ ሪፐብሊካንም ዴሞክራትም አንድ ሆነው፣ ለምስክርነት በመጥሪያ ስለጠሩት ነው። በሳይንስ መዳን የነበረበት ሰው በመጥሪያ ወረቀት ዳነ። ፍርድ ቤቱ የሮርክን ውሳኔ ለእሱም ማየት እንዳለበት እስኪቀበል ሌላ አንድ ዓመት ፈጀ።

ይህ አንድ ጊዜ የተፈጠረ ስህተት አይደለም፤ ቴክሳስ ይህን መንገድ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1991 ኮርሲካና በምትባል ከተማ የካሜሮን ቶድ ዊሊንግሃም ቤት ተቃጥሎ ሦስት ሴት ልጆቹ ሞቱ። የእሳት መርማሪዎች ወለሉ ላይ ያለውን የቃጠሎ ቅርጽ አይተው «ነዳጅ ፈስሶ ነው» አሉ። የተሰነጣጠቀውን የመስኮት መስታወትም እንደ ማረጋገጫ ቆጠሩት። አንድ ክፍል ሙሉ በሙሉ በእሳት ሲዋጥ ነዳጅ ሳይኖርም ወለሉ ላይ ያንኑ ቅርጽ እንደሚተው በሙከራ ታይቷል። መስታወቱ ደግሞ በጋለበት ውኃ ሲረጭበት እንደዚያ ይሰነጠቃል። ዶክተር ጄራልድ ኸርስት የሚባሉ ሳይንቲስት ይህን ጽፈው ከግድያው በፊት ላኩ። ማንም አልሰማቸውም። ዊሊንግሃም ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2004 ተገደለ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር፣ በተመሳሳይ የእሳት «ማስረጃ» ሞት ተፈርዶበት የነበረው ኧርነስት ዊሊስ ነፃ ወጣ። የእሱንም ጉዳይ የመረመሩት ኸርስት ነበሩ። የሁለቱን ሰዎች ዕጣ የለየው የማመልከቻቸው ወረቀት ማን ጠረጴዛ ላይ እንደደረሰ ነው። ይህን ፍትሕ ብሎ መጥራት አፍ ይይዛል።

«ፍርድ መጨረሻ ሊኖረው ይገባል፣ አለዚያ የተጎጂ ቤተሰብ ዕረፍት የለውም» የሚሉ አሉ። መጨረሻ የሚያስፈልገው እውነቱ ሲገኝ ነው። ሳይንስን ተገን አድርገህ ሰው ስትከስ የሳይንስን ሕግ ተቀብለሃል። ሳይንስ ደግሞ ትናንት ያለውን ዛሬ ይሽራል፤ ዋጋውም እሱ ነው። ክሱ ላይ ሳይንስን ጠርቶ ይግባኙ ላይ ማባረር አይቻልም። ሐኪሞች ዛሬ እነዚያ ሦስት ምልክቶች ከአጭር ከፍታ መውደቅ፣ ከሳምባ ምች፣ ከኦክስጅን እጥረት ሊመጡ እንደሚችሉ ያውቃሉ። በዚህ ንድፈ ሐሳብ ተፈርዶባቸው በኋላ ንፁህ የተባሉ ከ30 በላይ ሰዎች በአሜሪካ ተመዝግበዋል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1971 ካቀረቡት ሐኪሞች አንዱ የነበሩት እንግሊዛዊው ኖርማን ጉትኬልክ ራሳቸው በእርጅና ዘመናቸው አጠቃቀሙ አስጨንቋቸው ተናግረዋል። ባለቤቱ ያፈገፈገበትን ሐሳብ የቴክሳስ አቃቤ ሕግ እስከ ሞት ድረስ ይዞ ይሄዳል።

ሕፃናትን የሚደበድቡ ሰዎች አሉ፤ ይህን የሚክድ የለም። ሐኪም መጠርጠሩም ተገቢ ነው። ጥርጣሬ ግን ምርመራ ይጀምራል እንጂ ሰው አይገድልም።

«ዲኤንኤ አለ አይደል» ለሚሉም አንድ ነገር ልበል። ዲኤንኤ ያስመሰከረው ሌሎቹ ምን ያህል ባዶ እንደነበሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤፍቢአይ የራሱን የፀጉር መርማሪዎች ምስክርነት ፈተሸ። ፀጉሩ ከተከሳሹ ጋር ይመሳሰላል ብለው በመሰከሩባቸው 268 ችሎቶች ውስጥ ከ95 በመቶ በላይ በሚሆኑት ስህተት ተገኘ። ከነዚህ መካከል ሞት የተፈረደባቸው ነበሩ። በዋሽንግተን ዲሲ በታክሲ ሾፌር ግድያ የተፈረደበት ሳንቴ ትሪብል ላይ የቀረቡት ፀጉሮች በዲኤንኤ ሲመረመሩ አንዳቸውም የእሱ አልነበሩም። አንዱ የውሻ ፀጉር ነበር። በዚያ ማስረጃ ሰውየው ወጣትነቱን እስር ቤት ጨረሰ።

እዚህ ሀገር ዜግነት ያገኛችሁ ብዙዎቻችሁ አንድ ቀን ለጁሪነት የጥሪ ደብዳቤ ይደርሳችኋል። አንዱ ዶክተር ወይም የላብራቶሪ ሰው ተነስቶ «ያለ ምንም ጥርጥር» ሲል በማዕረጉ አትደንግጡ። ይህ ዘዴ በምን ተፈተነ? ስንት ጊዜ ይሳሳታል? መልሱን ማንም ካልነገራችሁ ማስረጃው አልቀረበም።

ከቴክሳስ ግን የሚጠበቀው ሌላ ነው። የሮበርሰንን ጉዳይ ለሥር ፍርድ ቤት መልሶ መጠበቅ አይበቃም። ክፍለ ሀገሩ በሼክን ቤቢ ያሰራቸውን ሰዎች ሁሉ ከመዝገቡ ይፈልግ። ለእያንዳንዳቸው «የተፈረደብህ ሳይንስ ተለውጧል» የሚል ደብዳቤ ይላክ፤ ጠበቃ ይመደብላቸው፤ መዝገባቸው ይከፈት። እስከዚያ ድረስ በዚህ ንድፈ ሐሳብ ለተፈረደበት ለማንም የግድያ ቀን መቆረጥ የለበትም።