አረንጓዴ በራ ማለት ዳታው በትክክል ገባ ማለት አይደለም

ወገን፣ ዛሬስ ሳልናገር አላልፍም። ከካዛንቺስ እስከ ሜክሲኮ ባሉት ቢሮዎች ትእዛዙ አንድ ነው፦ «ይሄን ኤክሴል ዳታቤዝ ውስጥ ክተተው፣ ናይም (KNIME፣ ዳታ የሚያመላልሰው ፕሮግራም) ላይ ሦስት ኖድ፣ ማለትም ሦስት የሥራ ሳጥን፣ ማገናኘት ነው»። ማገናኘቱማ ምን ችግር አለው? ፋይሉን የሚያነበው ኤክሴል ሪደር፣ ከዳታቤዙ የሚያገናኘው ኮኔክተር፣ የሚጽፈው ዲቢ ራይተር፤ አለቀ። አረንጓዴ ሲበራ ሁሉም ወደ ቤቱ። ጉዱ የሚወጣው ሪፖርት ሲጠየቅ ነው፤ ያኔ የሚወቀሰው ዳታቤዙ ነው።

እባካችሁ ሠንጠረዡን መሣሪያው ራሱ እንዲፈጥረው አትተዉ። የዓምዱን ዓይነት የሚወስነው ፋይሉን አይቶ ነው። በ09 የሚጀምር ስልክ ኤክሴል ላይ ቁጥር ሆኖ ከተቀመጠ ዜሮዋ ገና ከመነሻው ሄዳለች። በ00 የሚጀምር አሥር አሃዝ ቲን ስምንት አሃዝ ሆኖ ይገባል። ስልክና ቲን የሚደምር ሰው የለም፤ ጽሑፍ ይሁኑ! መጀመሪያ ሠንጠረዥ በሚፈጥረው ትእዛዝ፣ በክሪኤት ቴብል፣ ዓይነቱንም ፕራይመሪ ኪውንም (እያንዳንዱን ረድፍ የሚለየውን ቁልፍ) ራሳችሁ ወስኑ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ቀኑ ነው። ፋይሉ ላይ 05/13/2016 ተብሎ ጳጉሜ 5 ተጽፏል እንበል። ወር ቀድሞ በሚነበብበት ቅንብር ይህ ሜይ 13 ቀን 2016 ተብሎ ይገባል። ስህተት የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ቀን ቀድሞ ሲነበብም 30/06/2016 ጁን 30 ቀን 2016 ይሆናል፤ የካቲት 30 ግን በፈረንጁ ማርች 9 ቀን 2024 ነው። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ! ጥቅምት 30 (30/02/2016) ይሻላል፤ ፌብሯሪ 30 ስለሌለ አንዳንዱ መሣሪያ ቢያንስ ሥራውን ያቆማል ወይም ባዶ አድርጎ ያሳያል። ዓመተ ምሕረቱን እንዳለ በጽሑፍ ዓምድ አስቀምጡ፣ የተቀየረውን ደግሞ በዴት ዓምድ፤ ቅየራውም ከመጻፉ በፊት ይሠራ።

ፊደሉም የራሱ ጣጣ አለው። ኤስኪውኤል ሰርቨር በሚባለው ዳታቤዝ ላይ በተለመደው የላቲን ኮሌሽን (የፊደል ቅንብር) ዓምዱ ቫርቻር የተባለው የጽሑፍ ዓይነት ከሆነ «ከበደ» ሦስት የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል። ያ ስም አይመለስም፣ ፊደሉ የለም። የግዕዝ ፊደልን የሚይዘውን ኤንቫርቻር አድርጉት። ኦራክል የተባለው ዳታቤዝ ላይ ደግሞ ርዝመቱ በባይት ከተቆጠረ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ 30 የተባለው ዓምድ የሚይዘው 10 ፊደል ብቻ ነው።

ኔትወርኩ መሃል ላይ ሲቋረጥስ? ረድፎቹ ባች በባች (ጥቅል በጥቅል) ኮሚት እየተደረጉ፣ ማለትም እየጸደቁ፣ ከነበረ ግማሹ ገብቷል። ሰውዬው እንደገና ያስነሳዋል፣ የገባው ይደገማል፣ ድምሩ ያብጣል። መጀመሪያ ወደ ጊዜያዊ ሠንጠረዥ ጻፉ፤ በየዙሩ ትራንኬት ይደረግ፣ ማለትም ባዶ ይደረግ። ከዚያ በአንድ ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም ይገባል ወይ ምንም አይገባም) ወደ ዋናው አሻግሩ፣ ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ ላይ የተደጋገመውን ረድፍ በሚያስተናግደው ትእዛዝ፣ በኢንሰርት ኦን ኮንፍሊክት። ይህ ግን በቁልፉ ዓምድ ላይ ዩኒክ ገደብ (አንድ ዋጋ ሁለቴ እንዳይገባ የሚከለክል) ከሌለ አይሠራም። ቁልፉንም በስም አታድርጉት! ለእኛ ፀሐይ፣ ጸሐይና ጸሀይ አንድ ሰው ናት፤ ለዳታቤዙ ሦስት ናት።

ብዙ ረድፍ በአንድ ኢንሰርት (የማስገቢያ ትእዛዝ) የሚያጭቅ መሣሪያ ከሆነ ባቹን ቀንሱ፤ ኤስኪውኤል ሰርቨር በአንድ ጥያቄ ከ2100 ፓራሜትር (አንድ ሕዋስ አንድ ፓራሜትር ነው) በላይ አይቀበልም፣ 20 ዓምድ ካለ መቶ ረድፍ ገደማ ማለት ነው።

ሲጨርስም የረድፍ ብዛትና የብሩን ድምር ከፋይሉ ጋር አመሳክሩ። ፋይሉን የምትልኩልን ደግሞ፣ በእናታችሁ፣ የቀኑ ዓምድ ዓመተ ምሕረት ይሁን ፈረንጅ ራስጌው ላይ ጻፉልን፤ ሁለቱን በአንድ ዓምድ አትቀላቅሉብን።