ማርካና የበር ፕላስቲክ፦ እቤት ይፈታ ወይስ ጋራዥ ይሂድ?

የክርክሩ ሐሳብ አጭር ነው፦ «የመኪናን ማርካ፣ ጽሑፍና የውስጥ ፕላስቲክ ባለቤቱ ራሱ እቤቱ ቢፈታው ይሻላል።» ደጋፊዋ ቪትዝ የምትነዳ የሒሳብ ባለሙያ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት ግቢዋ ውስጥ የማትፈታው ነገር የለም። ተቃዋሚው የላሜራና የቀለም ጋራዥ ያላቸው ሰው ናቸው፤ ፀጉራቸው የሸበተው እዚያው ነው። በጽሑፍ ነው የተመላለሱት። እኔ የቆረጥኩት ሰላምታውን ብቻ ነው። ሁለት ቦታ ላይ ግን ዝም ማለት አቅቶኝ ጣልቃ ገብቻለሁ።

ባለመኪናዋ፦

ጋሼ፣ ከማርካው ልጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው። የሻጭ ድርጅት ስም፣ የድሮው ባለቤት የለጠፈው ጌጥ፣ ፀሐይ የላጠው ፊደል። ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ሰው ያለችውን መኪና አጥብቆ ይዟል። ያችኑ አሳምሮ መያዝ ቢፈልግ ምን ይገርማል? የሚገርመው ለአንዲት ጽሑፍ ብሎ ጋራዥ ደጃፍ ግማሽ ቀን መቀመጡ ነው።

የኋላ በር ላይ ያለውን ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የያዘው ሁለት ፊት ያለው ቀጭን የስፖንጅ ማጣበቂያ ነው። ሲሞቅ ይላላል። ስለዚህ መኪናዋን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አስመታታለሁ። ደመና ከሆነ የፀጉር ፎን አለ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ሙቅ ውኃ የነካ ፎጣ። ከሁሉ በፊት ቦታውን በሳሙና አጥባለሁ፤ አቧራ ካለ ሲፈተግ ቀለሙን ይጭረዋል። በዙሪያው የወረቀት ፕላስተር እለጥፋለሁ። አንድም ቀለሙን ይጠብቃል፣ አንድም መልሼ ልለጥፍ ብል ቦታውን ያሳየኛል። ከዚያ ጠንካራ ናይለን ክር ሁለት ጣቶቼ ላይ ጠምጥሜ በፊደሉና በላሜራው መሃል አስገባለሁ፤ ቀስ እያልኩ ወዲያና ወዲህ እስበዋለሁ። ካቻቢቴ የለ፣ ቢላ የለ። ማጣበቂያው እየተቆረጠ ይሄዳል፣ ፊደሉ እጄ ላይ ይወድቃል።

የቀረውን ሙጫ በአውራ ጣቴ አሻለሁ፤ እየተጠቀለለ ይነሳል። እምቢ ያለውን ነጭ ጋዝ የነካ ጨርቅ ትንሽ አቆይበትና በሳሙና አጥበዋለሁ። አለቀ። ይህ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ሙያ አይፈልግም።

ባለጋራዡ፦

እህቴ፣ ክሩን ወድጄዋለሁ። እኛ ጋ ያሉ ልጆችም የሚሠሩት በእሱ ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ክሩ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆምስ?

አንዳንዱ ማርካ ከጀርባው ቀጫጭን የፕላስቲክ እግሮች አሉት። ላሜራው ላይ ቀዳዳ ተበስቶላቸው ወደ ውስጥ ይገባሉ። ክሩ እነሱ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ያን ጊዜ ሰው ጉልበት ይጨምራል፤ ማርካውንም ይጠመዝዘዋል። ወይ እግሩ ይሰበራል፣ ወይ የቀዳዳው ጠርዝ ላይ ያለው ቀለም ይነሳል። ደግሞስ ማርካው ቢወጣ ቀዳዳው የት ይሄዳል? ክረምት ሲገባ ውኃ ይጠጣል፣ ጠርዙ ይዝጋል። መድፈኑ ብየዳ ነው፣ ስቱኮ ነው፣ ቀለም ነው። ያኔ እኔ ጋ ትመጫለሽ። ደስ ይለኛል፤ ለኪስሽ ግን አዝናለሁ።

ቀለሙንም አስቢው። ከተማችን ውስጥ የፋብሪካ ቀለሟ ላይ ያለች መኪና ፈልገሽ አግኚ እስቲ። ደግማ በተቀባች መኪና ላይ ቀለሙ ከሥሩ በደንብ ካልያዘ፣ ማጣበቂያው ሲነሳ ቀለሙን ይዞት ይመጣል። ሙጫውን ላጽዳ ብሎ ቲነር ያፈሰሰማ አለቀለት። የፋብሪካ ቀለም በምድጃ የደረቀ ስለሆነ ትንሽ ይቋቋማል። ጋራዥ የተቀባ ናይትሮ የሚባለው፣ በአየር ብቻ የሚደርቀው ቀለም ግን ቲነር ሲነካው ይሟሟል።

ሌላው ጥላው ነው። ማርካው ሥር ያለው ቀለም ለዓመታት ፀሐይ አላየም። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የዚህ ከፍታ ፀሐይ ቀይ መኪናን ምን እንደምታደርግ ታውቂያለሽ። ጽሑፉን ነቅለሽ ትጥይዋለሽ፣ ጽሑፉ ግን እዚያው ይነበባል። ፖሊሽ ያደበዝዘዋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከላይ ያለው ግልጽ ቀለም ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ማሽን ይዘሽ አንድ ቦታ ላይ ከተቀመጥሽበት ታልፊዋለሽ።

ባለመኪናዋ፦

ጋሼ፣ ያን በደንብ ያልያዘ ቀለም ማን ቀባው? እኔ ነኝ?

መኪና ለቀለም ሲገባ ማርካው መነቀል ነበረበት። ጋራዡ ግን ጊዜ ለመቆጠብ በዙሪያው ጋዜጣና ፕላስተር ለጥፎ ይረጭበታል። ከዓመታት በኋላ እኔ ስነቅለው ከሥሩ የድሮው ቀለም ይወጣል፤ ዙሪያውን ደግሞ ጥፍር የሚይዝ የቀለም ጠርዝ ይቀራል። አንዳንዴ ቀለሙ ማርካው ላይ ወጥቶ ሁለቱን አንድ አድርጓቸዋል። ስስበው አብሮ የሚላጠው ለዚህ ነው። እናንተ በዘለላችሁት ሥራ እኔን «አትንኪ» ማለት ምን ይባላል?

ክሩ ከቆመ እኔም እቆማለሁ። እግር ያለው ማርካ ላይ ጎን ለጎን ያለውን ማጣበቂያ ብቻ ቆርጬ ቀጥ አድርጌ ወደ ራሴ እስባለሁ፤ አልጠመዝዝም። ሥሩ ቀዳዳ ካለ ያው ማርካ ወይም ሌላ መሸፈኛ ይመለስበታል። የማሞቂያ ሽጉጥ የሚባለውንም አልነካም። እሱ ከ500 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፣ ቀለም ያፈላል። የእኔ ፎን ግፋ ቢል እጄን ያቃጥለኛል።

የአዘጋጁ ጣልቃ ገብነት፦ ባለጋራዡ ለቀለሙ ጠርዝ የላኩት መልስ አንድ መስመር ነው፤ «እሱን ለጊዜው እንለፈው» ይላል። እኔ ግን አላለፍኩትም። ነጥቡ የባለመኪናዋ ነው።

ባለጋራዡ፦

እሺ፣ የኋላውን ውሰጂ። የፊቱንስ?

የቅርብ ጊዜ ቶዮታዎች ላይ፣ ኮሮላም ሆነ ራቭ ፎር፣ ከፊተኛው ማርካ ጀርባ ራዳር የተቀመጠባቸው አሉ። ከፊት ያለውን መኪና ርቀት የሚለካውና ፍሬን የሚያስይዘው እሱ ነው። ማርካው የተሠራው ሞገዱን በሚያሳልፍ ነገር ነው። አሁን ልጆቹ ማርካን ጥቁር መቀባት ወደዋል። ብረትነት ያለው ቀለም ሲረጩበት ወይም ተመሳሳይ ነው ብለው ከገበያ ሌላ ሲያስገቡበት ራዳሩ ይታወራል። ጎልፍ ላይ ደግሞ የኋላው ማርካ ራሱ የኋላ በሩ መክፈቻ እጀታ ነው፤ ጌጥ መስሎት ሊፈለቅቀው የሚታገል ሰው አይቻለሁ።

ዋናው ነገሬ ግን በሩ ነው። የውስጥ ፕላስቲክ ከውጭ ሲታይ የተጫነ ሳህን ነው የሚመስለው። ከጀርባው ስንት ነገር እንደያዘው የሚያውቀው የፈታው ነው። ብሎኖቹ የሚደበቁት እጅ በማይገምትበት ነው፦ ከውስጥ መክፈቻው ጀርባ ባለች ጥፍር የምታህል ክዳን ሥር፣ ክንድ ማሳረፊያው ጉድጓድ ውስጥ፣ ስፖኪዮ ጋ ባለችው ሦስት ማዕዘን ፕላስቲክ። አንዱን ረስተሽ ከሳብሽ ፕላስቲኩ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። ዙሪያውን የያዙት ክሊፖች ናቸው። ያረጀ ፕላስቲክ በብርድ ይደርቃል። ኅዳር ላይ ማለዳ ተነስተሽ ከሳብሽ እንደ ቆሎ ነው የሚረግፉት። እንደገና ስትገጥሚው የተያዘ ይመስልሻል፤ ኮብልስቶን ላይ ስትወጪ ይንጣጣል።

የድሮዋ ኮሮላ ዲኤክስ ላይማ ሌላ ጉድ አለ። መስታወት ማዞሪያዋ ብሎን የላትም። ልጆች እየዞሩ ይፈልጉታል፣ ሲያጡ በካቻቢቴ ይፈነቅሏታል፣ ትሰበራለች። የያዛት ከጀርባዋ ያለች የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላት ትንሽ ሽቦ ናት። ጨርቅ ወስደሽ በማዞሪያውና በፕላስቲኩ መሃል ታስገቢና ጫማ እንደሚጠርግ ሊስትሮ ወዲያ ወዲህ ትስቢዋለሽ። የጨርቁ ክር ሽቦዋን ይይዛታል፣ ቱር ብላ ትወጣለች። ሌላኛው እጅሽ ከላይ ይሸፍናት፤ አለበለዚያ ስትፈልጊያት ነው የምትውዪው።

የአዘጋጁ ጣልቃ ገብነት፦ ተቃዋሚው እያስተማሩ መሆኑን ያስተዋሉ አልመሰለኝም።

ባለመኪናዋ፦

ጋሼ ይስጥልኝ፤ ጨርቁን ጻፍኩት።

የበሩን ነገር ስናነሳ ያየሁትን ልንገርዎ። አንድ ጋራዥ፣ ስሙ ይቆይ፣ የመስታወት ሞተር ሊቀይር በሬን ፈታ። ሞተሩ በደንብ ሠራ። ሐምሌ ሲገባ ግን የሾፌር ወገን ምንጣፍ ውኃ ቋጠረ። በሩን ራሴ ስፈታው ከፕላስቲኩ ጀርባ የነበረው ላስቲክ የለም። ቀደው ጥለውታል። አንድ ሰው «እንደውም እሱ ለምንም አይጠቅምም» አለኝ።

ለምን እንደሚጠቅም ያኔ ነው ያየሁት። ዝናብ በመስታወቱ ላይ ወርዶ በሩ ውስጥ መግባቱ አይቀርም፤ የተሠራውም እንዲገባ ተደርጎ ነው። ከበሩ ሥር ባሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል። ያ ላስቲክ ውኃው ወደ ውስጥ እንዳይረጭና ወደ ቀዳዳዎቹ እንዲወርድ ያደርገዋል። እኔ ወፍራም ላስቲክ ገዝቼ በልኩ ቆርጬ ለጠፍኩ፤ የታችኛውን ጫፍ ወደ በሩ ውስጥ አስገባሁት። ቀዳዳዎቹንም ከጭቃ ጠረግኩ። ምንጣፉ ደረቀ።

ባለሙያ የሚቸኩለው ቀጣዩ መኪና ስለሚጠብቀው ነው። እኔን የሚጠብቀኝ ቡና ነው። እያንዳንዱን ብሎን ከየት እንዳወጣሁት ጽፌ በላስቲክ ከረጢት አስቀምጣለሁ፤ በየደረጃው በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። ፕላስቲኩን በካቻቢቴ አልፈነቅልም። ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ አስገብቼ ክሊፑ የት እንዳለ አገኛለሁ፤ የምስበው እዚያው አጠገቡ ነው እንጂ ከጫፍ አይደለም። ሲለቅ ወደ ላይ አንስቼ ከመስታወቱ ጠርዝ አወጣዋለሁ። ሶኬቶቹን ሳልነቅል አልጎትትም። ክሊፕ ቢሰበር ናሙናውን ይዤ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ እሄዳለሁ።

ባለጋራዡ፦

ላስቲኩን ቀዶ የጣለ ሰው የኔ ባልደረባ ነኝ ቢል አልቀበለውም። በዚህ አልከራከርሽም። እንዲያውም ልጨምርልሽ። አንዳንድ መኪና የጎን ግጭትን የሚለየው በበሩ ሆድ ውስጥ ያለውን የአየር ግፊት በሚለካ ሴንሰር ነው። በሩ ሲጨፈለቅ ግፊቱ ድንገት ይዘላል፣ ኤርባጉ ይነሳል። በሩ ላስቲኩ ከሌለው፣ ለስፒከር ተብሎም ከተበሳ ሴንሰሩ የሚጠብቀው በር አይደለም።

አሁን የማልለቅሽ ቦታ ላይ ደርሰናል። የፊት መስታወቱን ግራና ቀኝ ይዞ ወደ ጣሪያው የሚወጣውን ምሰሶ ታውቂዋለሽ። የውስጥ ፕላስቲኩ ላይ ኤርባግ የሚል ጽሑፍ ካለ አትንኪው። ከጀርባው መጋረጃ ኤርባግ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሲፈነዳ ፕላስቲኩ በተወሰነ መንገድ ተከፍቶ ማሳለፍ አለበት፤ ተወርውሮ ፊትሽን እንዳይመታ የሚይዘው ልዩ ክሊፕ ነው። አንዳንዱ ክሊፕ አንዴ ከተሳበ አይደገምም፤ በአዲስ ይቀየራል። ከሶማሌ ተራ የመጣ ተመሳሳይ ነገር እዚያ ቦታ አይገባም።

መሪውም እንደዚያው። ቶዮታ የባትሪው ኔጌቲቭ ከተነቀለ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ የሚለው በከንቱ አይደለም። ባትሪው ቢነቀልም መቆጣጠሪያው ውስጥ ኤርባግ ማስነሳት የሚችል ኃይል ለጥቂት ጊዜ ይቆያል። ቢጫ ሶኬት ካየሽ እጅሽን ሰብስቢ። ሶኬቱን ነቅለሽ ቁልፍ ከከፈትሽማ የኤርባጉ ማስጠንቀቂያ መብራት ክሩስኮቱ ላይ በርቶ ይቀራል፤ ለማጥፋት ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ጎረቤት ካለሽም ንገሪው፦ ብርቱካናማ ገመድ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው።

ባለመኪናዋ፦

ምሰሶውንና መሪውን ለእርስዎ ትቻለሁ። ድሮም አልነካውም ነበር። በሩንና ማርካውን ግን አልሰጥም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል። እኔ ስፈታ ክሊፕ ቢሰበር የምከፍለው እኔ ነኝ። ጋራዥ ውስጥ ሲሰበርስ?

ባለጋራዡ፦

ጋራዡ ነው መክፈል ያለበት። እኔ ጋ እንደዚያ ነው። ግን እቤት ጀምረሽ አቅቶሽ ያመጣሽው መኪና ላይ የተሰበረውን አልቆጥርም። የቱን አንቺ፣ የቱን እኛ እንደሰበርነው ማን ያውቃል?

ባለመኪናዋ፦

እንግዲያው ወይ ሳልነካው አመጣዋለሁ፣ ወይ ጨርሼ ገጥሜ ላሳይዎት እመጣለሁ።

ባለጋራዡ፦

ገጥመሽ ነይ። በኮብልስቶኑ በኩል።