ትናንት ብትመጣ ኖሮ

ወፍ ለማየት ጎህ ሳይቀድ ተነሳሁ። ፀሐይዋ ከጀርባዬ እንድትሆን በሐይቁ ምሥራቅ በኩል ዞርኩ። ጭቃው ጫማዬን እየሳበ እንደምንም ሸምበቆው ዳር ደረስኩ። ባይኖኩላሬን፣ ያን የሩቅ ማያ መነጽሬን፣ ከማንሳቴ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ከየት መጣ ሳልለው አጠገቤ ቆመ።

«ወንድሜ፣ ትናንት ብትመጣ ኖሮ ጉድ ታይ ነበር!»

እንደምን አደርክ እንኳ የለም። ሁለት መቶ ፍላሚንጎ፣ ሐይቁ ሮዝ በሮዝ። ፍላሚንጎ ሮዝ የሚሆነው ከሚበላው አልጌና ጥቃቅን የውሃ ፍጥረት ነው፤ የሰውየው ወሬ ቀለሙን ከምን እንዳገኘ እንጃ። ለእኔ የደረሱኝ ሁለት ዳክዬዎች ናቸው። ሁለቱም እኩል ጭንቅላታቸውን ነክረው መቀመጫቸውን ሰጡኝ።

ተናድጄ ወደ ግድቡ ሄድኩ። ግድብ ደስ ይለኛል። ውሃው ሲጎድል ዳሩ ጭቃ ይሆናል፣ ጭቃው ውስጥ ትል አለ፣ ባለ ረጃጅም እግሮቹ ይሰበሰባሉ። እዚያም አንዲት ሴትዮ ስልኳን ዘርግታ ጠበቀችኝ። «ውይ! አሁን፣ አሁን በረረ!»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።» ይቺን ተረት ስወዳት! ሰው ስለ ከንቱ ተስፋ የተነገረች ይመስለዋል። እኔ ግን የተናገራት ሰው ወፍ ተመልካች እንደነበረ እምላለሁ። «ላም» ያለው አፍሮ ነው።

ማየት ከተነሳ ደግሞ የባይኖኩላሬን ነገር ሳልናገር አላልፍም። 8 በ42 ነው። ስምንት እጥፍ ያቀርባል፤ 42 የፊት መስታወቱ ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። ሰፊ ስለሆነ በንጋት ብርሃን አይሰስትም። የሚስቴ ወንድም «ለአንድ ቀን» ብሎ ወሰደው። በሦስተኛው ወር መለሰው። ጥሎታል፤ አላመነም። የግራና የቀኙ ዓይን ተፋተዋል፣ አንዱ ወፍ ሁለት ሆኖ ይታየኛል። ስነግረው «ታዲያ በዛልህ እንጂ ምን ጎደለብህ?» አይለኝም! እስከ ዛሬ አልሳቅኩም። ከላይ ስለ ዳክዬዎቹ ያልኩትንም እናንተው አርሙት።

የውሃ ወፎች ዓለም አቀፍ ቆጠራ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ ጥር ላይ ይካሄዳል። መንጋው ሲበዛ ቆጣሪው አሥሩን ይቆጥራል፣ የአሥሩን ስፋት በዓይኑ ይይዛል፣ የቀረውን በዚያ ይሰፍራል። ፊቱ ያለውን ነው ታዲያ! ያልመጣሁበትን ቀን እንደ ጥፋት የሚቆጥርብኝ ሰው ግን በምን ይሰፈራል? ለእኔ ማሳየት ነው ወይስ እኔን ማስቆጨት የሚፈልገው?

ብቻ፣ ማምሻውን በሐይቁ በኩል ስመለስ ሰውዬው እዚያው ነው። ከኋላው ግንድ ላይ ኮርሞራንት የሚባለው ጠላቂ ወፍ ክንፉን ዘርግቶ ቆሟል። ላባው እንደ ዳክዬ ውሃ አያንሸራትትም፤ ይርሳል። ለመጥለቅ ይመቸዋል፣ ከዚያ እንደ ልብስ ተሰጥቶ መድረቅ ነው። አንዴ ወደ ግራ ዞር አለ፣ አንዴ ላባውን አራገፈ። ሃያ ደቂቃ አየሁት።

ባርኔጣው ጀርባውን ሰጥቶት ለአዲስ መጪ ስለ ፍላሚንጎዎቹ ያወራል። አራት መቶ ደርሰዋል። በእኔ ባይኖኩላር ያያቸው ይመስል።