ጥቁር ቀለም ይመስገን

ኧረ አሜሪካኖቹን አለማመስገን ነውር ነው! ሌላው አገር ሰው ሚገርፈው በጨለማ ነው፣ ወረቀት የለ ማህተም የለ፣ እነሱ ግን ጨዋ ስለሆኑ መጀመሪያ ጠበቃ ያማክራሉ። በፈረንጆቹ ኦገስት 1 ቀን 2002 ከፍትህ ሚኒስቴራቸው ለስለላ ድርጅታቸው ለሲአይኤ የተፃፈውን ማስታወሻ እዩት በናታችሁ። የአልቃኢዳ ሰው ነው ብለው የያዙት አቡ ዙበይዳ ሚባለው እስረኛ ነፍሳት ስለሚፈራ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ከተን አንድ ነፍሳት ብንለቅበትስ ብለው ጠየቁ፣ ጠበቆቹም ይቻላል፣ ብቻ ሚገድል መርዝ አለው ብላችሁ እንዳታሳምኑት አሉ፣ ሚለቀቀውም ጉዳት የሌለው እንደ አባጨጓሬ ያለ ነው ተብሎ ሰፈረ። ጉዳት የሌለው! አጋሮ ወርዶ ቡና የለቀመ የጅማ ልጅ ክንዱን እያከከ ያነጋበትን አባጨጓሬ ዋሽንግተን ቁጭ ብለው በነፃ አሰናበቱት። (በኋላ እንደፃፉት አልተጠቀሙበትም፣ ለአባጨጓሬው ደስ ብሎኛል።) ፈራሚው ጄይ ባይቢ በዓመቱ የፌደራል ይግባኝ ዳኛ ሆኖ ተሾመ፣ ሲያንሰው ነው።

ቆጠራቸው ደግሞ! ይሄንኑ ሰውዬ በዛው ኦገስት ቢያንስ 83 ጊዜ በውሃ አፈኑት፣ የሴፕቴምበር 11 ጥቃት አቀነባባሪ ነው ሚሉትን ካሊድ ሼክ መሐመድን ደግሞ በማርች 2003 ላይ 183 ጊዜ። የኛ ገራፊ መቼ ቆጥሮ ያውቃል፣ ሲደክመው ነው ሚያቆመው።

የያኔው የመከላከያ ሚኒስትራቸው ራምስፌልድማ ይለያል። ዲሴምበር 2 ቀን 2002 ኩባ ላይ ላለው እስር ቤታቸው ለጓንታናሞ የምርመራ ዘዴዎች ሲፈርም ከስር በእጁ ምን ብሎ ቢጨምር ጥሩ ነው፣ እኔ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እቆማለሁ፣ ለምንድነው የእስረኛው መቆም በ4 ሰዓት የተገደበው አለ። አያችሁ የአለቃ ትጋት! ለመታወቂያ ከጠዋት እስከ ማታ ሰልፍ ላይ ሚቆመው የኛ ሰው ይሄን ቢሰማ ወንድሜ ብሎ ያቅፈው ነበር።

የሲአይኤ ሰዎች ምርመራውን በቪዲዮም ቀርፀው ነበር እኮ፣ 92 ካሴት፣ በ2005 አወደሙት። ቦታ ጠቦ ይሆናል።

ከሁሉ ከሁሉ ግን እኔ ምሰግድለት ጥቁሩ ቀለም ነው። የኛ መዝገብ ቤት ሰነድ ስትጠይቅ ፋይሉ ጠፍቷል፣ ቁልፍ የያዘችው ልጅ ለቅሶ ሄዳለች፣ ማክሰኞ ተመለስ ነው፣ እነሱ ጋር ግን በመረጃ ነፃነት ህጋቸው ፍርድ ቤት ገትረህ ስትይዛቸው ስለ እስረኞቹ አያያዝ ከ100,000 ገፅ በላይ አስረክበው ሸኙ፣ ብቻ ሚነበበውን ቦታ አጥቁረውታል። እንግሊዞችም ተምረዋል፣ ኢትዮጵያ ተወልዶ ጓንታናሞ የገባው ቢንያም መሐመድ ጉዳይ ላይ ለንደን ያለው ፍርድ ቤት ከፃፈው ፍርድ 7 አንቀፅ እንዳይወጣ መንግስታቸው ስንት ተሟገተ፣ በ2010 ይግባኝ ሰሚው ይውጣ ሲል ለካ አሜሪካኖቹ እንቅልፍ እንደነሱትና እንዳስፈራሩት ሚያወራ ነው። ለሱማ ይሄ አዲስ ዜና አይደለም፣ ሲደረግበት እዛው ነበር።

ባለፈው ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት አንድ የህግ ተማሪ እነዚህን ሰነዶች በፍላሽ ይዞ መጣ። ፕሪንተሩ ያቃስታል፣ ገፅ ሲወጣ ከላይ ቀን አለ፣ ከታች የገፅ ቁጥር አለ፣ መሀሉ ከዳር ዳር ጥቁር፣ ወረቀቱ ራሱ ግሎ ተጠቅልሏል። ልጅቷ ሶስት አራቱን አገላብጣ አየችና

«ወንድሜ ፋይልህ ቫይረስ አለበት መሰለኝ»

«ኧረ እንደዚህ ነው ያወጡት»

«ማን?»

«የአሜሪካ መንግስት»

«እና ምኑን ልታነበው ነው?»

«አሳይንመንት ነው እህቴ»

እሷም በቃ ጥቁሩ ገፅ በእጥፍ ነው ሚታሰበው፣ ቶነሬን ጨረስከው አለች፣ እሱ ደግሞ ይሄማ ገና ነው፣ ሴኔቱ ራሱ ስለ ሲአይኤ እስረኞች ያዘጋጀው ሪፖርት ከ6,700 ገፅ በላይ ነው፣ በ2014 ያወጡት ማጠቃለያውን 525 ገፅ ብቻ ነው ብሎ ሊያስረዳት ሲሞክር ሂሳብ ማሽኗን ወደራሷ ሳበች።

«ቀሪው መች ነው ሚወጣው? ቶነር ከአዲስ አበባ ላስመጣ»