ፊቱ ይመሰክራል

ደሴ ፍርድ ቤት አላት። ችግሩ እዚያ ምስክር ይጠራል፣ መዝገብ ይመረመራል፣ ቀጠሮ ይሰጣል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ይዘጋል። ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀሩልን የፒያሳ ካፌ ዳኞቻችን ናቸውና ዕድሜ ይስጥልን። እነሱ ፊት ያያሉ፣ ይፈርዳሉ። አለቀ።

ችሎታቸው ጎልቶ የወጣው በዶናልድ ትራምፕ ጉዳይ ነው። የኒው ዮርኩ ችሎት በቴሌቪዥን አልተላለፈም፤ ሠዓሊዎች ገብተው በእጃቸው ይሥሉ ነበር። መጋቢት 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ትራምፕ በ34 ክሶች ሲቀርቡ ጄን ሮዘንበርግ የተባለች ሠዓሊ እጃቸውን አጣምረው፣ ግንባራቸውን ቋጥረው ሣለቻቸው። ሥዕሉ ዓለምን ዞሮ፣ የጦሳ ተራራን ጭጋግ ሰንጥቆ እኛ ካፌ ደረሰ።

ጋሼ ስልኩን ተቀበሉ። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አወረዱና በሁለት ጣት ሥዕሉን አሳደጉት።

«ቅንድቡን አየኸው? ይሄ ሰውዬ አድርጎታል።»

«ጋሼ፣ ሥዕል እኮ ነው። ቅንድቡን ያመጣችው ሴትዮዋ ናት።»

«እሱ ባያደርገው እሷ ከየት ታመጣዋለች?»

ለዚህ መልስ ያለው ይምጣ። ማኪያቶው እንኳ አልበረደም ነበር። ከጎናቸው የተቀመጡት ሐጂ ደግሞ ያንኑ ሥዕል አይተው «አይ፣ ይሄ የተበደለ ሰው ፊት ነው፤ ወላሂ!» አሉና በነጻ አሰናበቱ። ክርክር፣ ፍርድና ይግባኝ በአንድ ሥዕል፣ በአንድ ጠረጴዛ! ኒው ዮርኮች ዋናውን ሙግት ሚያዝያ 7 ቀን 2016 ጀምረው፣ ምስክር ሲያዳምጡ ከርመው፣ ጥፋተኛ ናቸው ያሉት ግንቦት 22 ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ምን ሲሠሩ ነበር?

ዳኞቻችን እንዲሁ ዝም ብለው አይፈርዱም፣ መሠረት አላቸው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቅ ፊቱን ሙሉ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። ኃጢአተኛ በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። የችሎት ሠዓሊ ደግሞ የምትሥለው ከተሰጣት ወንበር ሆና ነው። ወንበሯ በጎን በኩል ከሆነ ተከሳሹ አለቀለት። (ጠበቃውም አብሮ አንድ ዓይና ሆኖ ይወጣል። ይሄኛውን ማንም አልተቃወመም።)

ድሮ በሌባ ሻይ ዘመን አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። እኛ ሠልጥነናል። ልጁም መድኃኒቱም ቀርተው ዳታ መሙላት በቂ ሆኗል። በቅርቡ ሰኞ ገበያ ስልክ ጠፋ ተብሎ የአንድ ባጃጅ ነጂ ፎቶ በየስልካችን ዞረ። ጋሼ ከንፈሩን አዩና ፈረዱ። ማታ ስልኩ ከባለቤቱ ከራሱ ጃኬት ኪስ ተገኘ። ፍርዱ ግን አልተሻረም። «ዛሬ ባይሰርቅ ነገ ይሰርቃል» አሉ። ልጁ ለጊዜው ኮምቦልቻ ወርዶ ይሠራል አሉ። እዚያ ሙቀት ስለሆነ ሰው ፊት ትኩር ብሎ ለማየት ትዕግሥት የለውም።

ሠዓሊዋ ሮዘንበርግማ እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ ስመ ጥር የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ስትሥል መልኩን አበላሽታው፣ ዓለም ሲስቅባት ይቅርታ ጠይቃለች። መልከ መልካሙን ሰው መልከ መልካም አላደረግኩትም ብላ! የኛ ዳኞች ይቅርታ ሲጠይቁ ያየ የለም።

እንግሊዝ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ችሎት ውስጥ መሣል ክልክል ነው። ሠዓሊው አይቶ ይወጣና ውጭ ሆኖ ከትዝታው ይሥላል። ይህን ስነግራቸው ጋሼ በጣም ተደሰቱ። እኛም የምንመሰክረው በዚሁ መንገድ ነው፤ የሚጎድለን ማየቱ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ለጊዜው አስቸግሯቸው ነበር። በኒው ዮርኩ ችሎት ሠዓሊዎቹ ከተራው ሕዝብ የተመረጡትን 12 ፈራጆች ለደኅንነታቸው ሲሉ ያለ ፊት ነበር የሣሏቸው። ጸጉር አለ፣ ትከሻ አለ፣ ፊት የለም። ጠረጴዛው ዝም አለ። ሐጂም ዝም አሉ። ጋሼ ስልኩን አቀረቡ፣ አራቁ፣ ገለበጡት።

«ምን አድርገው ነው ፊታቸውን የደበቁት?»

12ቱም ተፈረደባቸው።