ሲጫወት አጃቢ፣ ሲቀር የሚሊዮን ዶላር ዕዳ

ቹክ ሬድ ድራም ይመታል። ቫይብራፎንም ይጫወታል፤ አዎ፣ እኛ በሙላቱ አስታጥቄ የምናውቀውን መሣሪያ። ከ2006 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ዋሽንግተን ኬኔዲ ሴንተር በሚባለው የሥነ ጥበብ ማዕከል ውስጥ የገና ዋዜማን የጃዝ ምሽት ሲመራ ኖረ። ከሱ በፊት ምሽቱን ይመራ የነበረው ኬተር ቤትስ ነው፣ ለዘፋኟ ኤላ ፊትዝጄራልድ ለብዙ ዓመት ቤዝ የተጫወተላት። በ2025 ዲሴምበር የማዕከሉ ቦርድ የትራምፕን ስም ከኬኔዲ ስም ፊት ሲለጥፍ ሬድ አልጫወትም አለ። ዝግጅቱም ተሰረዘ። ከዚያ የያኔው የማዕከሉ ኃላፊ ሪቻርድ ግሬኔል ደብዳቤ ጻፉለት። 1 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንጠይቅሃለን የሚል።

አንድ ሚሊዮን!

ስለ ስሙ ጉዳይ ልጽፍ አይደለም የተቀመጥኩት። ያንን ብዙ ሰው ጽፎበታል። እኔን ያንገበገበኝ ሒሳቡ ነው። ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት፣ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ እዚያው ቤት የአገሪቱ ትልቁ የሥነ ጥበብ የሕይወት ዘመን ክብር፣ ኬኔዲ ሴንተር ኦነርስ የሚባለው ሽልማት፣ ተሰጥቶ ነበር። ተሸላሚዎቹ ሲልቬስተር ስታሎን፣ ኪስ የተባለው የሮክ ባንድ፣ ግሎሪያ ጌይነር፣ ጆርጅ ስትሬትና ማይክል ክሮፎርድ ናቸው። ከጃዝ ማን አለ? ማንም። ትራምፕ ስሞቹን ራሳቸው ይፋ ሲያደርጉ፣ በምርጫው ውስጥ 98 በመቶ ያህል እጄ አለበት ብለው ነበር። ያልጣሟቸውን እንደጣሉም ተናግረዋል። እሺ። የጃዝ ሙዚቀኛው ሲጫወት የሚያስታውሰው የለም፣ አንድ ምሽት ሲቀር ግን ዋጋው ሚሊዮን ዶላር ሆነ። ታዲያ ከ2006 ጀምሮ የተጫወተባቸውን ምሽቶች ሒሳብ ማን ይክፈለው?

አሁን "ይኼ የትራምፕ ጣጣ ነው፣ በፊትማ ደህና ነበር" የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ይቅርታ፣ በፊትም ደህና አልነበረም። ሽልማቱ በ1978 ከተጀመረ ወዲህ ከ200 በላይ ሰዎችና ባንዶች ተሸልመውበታል። ዘፋኞቹንና አቀናባሪዎቹን ትተን፣ መሣሪያ ይዘው ጃዝ የሚጫወቱትን ብቻ ብንቆጥር ከሁለት እጅ ጣቶች ብዙም አያልፉም። ካውንት ቤዚ፣ ቤኒ ጉድማን፣ ዲዚ ጊለስፒ፣ ላየነል ሃምፕተን፣ ቤኒ ካርተር። ከዚያ እስከ 2009 ዝም። ዴቭ ብሩቤክ፣ ሶኒ ሮሊንስ፣ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተር፣ በ2024 ደግሞ አርቱሮ ሳንዶቫል። የሳንዶቫልን አልክድም፣ ደስ ብሎኛል፣ ይገባዋል። ግን መሣሪያ የምትጫወት አንዲት የጃዝ ሴት አለች? የለችም። ፒያኖ ተጫዋቿና አቀናባሪዋ ካርላ ብሌይ በ2023 አረፈች፣ ማንም አልጠራትም።

ደግሞ ያለፉትን እዩ። ማይልስ ዴቪስ የሞተው በ1991 ነው። ሽልማቱ ከተጀመረ 13 ዓመት በሕይወት ነበር። አልተሸለመም። ዘፋኟ ሳራ ቮን በ1990 ሞተች፣ ሳትሸለም። ማክስ ሮች፣ ኦስካር ፒተርሰን፣ ኦርኔት ኮልማን፣ ማኮይ ታይነር፣ አህመድ ጃማል፣ ሁሉም እንዲሁ። ማይልስ ዴቪስን ያልሸለመ የሙዚቃ ሽልማት ስለ ምን ዓይነት ሕይወትና ስለ ምን ዓይነት ዘመን ነው የሚያወራው?

ሰሞኑን ከሰማኋቸው መከራከሪያዎች ሁሉ ግን ደሜን ያፈላው ይኼ ነው፦ "ጃዝ እኮ የራሱ ሽልማት አለው።"

እውነት ነው፣ አለው። ጃዝ ማስተርስ ይባላል። ናሽናል ኢንዳውመንት ፎር ዘ አርትስ የሚባለው የመንግሥት ተቋም ከ1982 ጀምሮ ይሰጠዋል። ገንዘቡ 25,000 ዶላር ነው። ልብ በሉ፣ በሕይወት ዘመን 25,000፣ በአንድ የቀረ ምሽት ሚሊዮን። ያም ይሁን። የዛሬዎቹ ተከራካሪዎች የረሱት ነገር ግን አለ። በ2025 ሜይ የትራምፕ አስተዳደር በበጀት ዕቅዱ ይኸው ተቋም ጨርሶ እንዲዘጋ ነው የጠየቀው! "ሂድ፣ አንተ የራስህ ቤት አለህ" እያሉ የቤቱን ጣሪያ መንቀል ማለት ይኼ ነው።

ቤቱ ቢኖርስ? የአገሪቱ ኮንግረስ በ1987 ባሳለፈው ውሳኔ ጃዝ ውድና ብርቅ የሆነ ብሔራዊ ሀብት ነው ብሏል። ለአፍ ዳገት የለውም። ብሔራዊ ሀብት ከሆነ ለምን በጓዳ በር ይገባል? ባሌት "የራስህ ሽልማት አለህ" ተብሎ ያውቃል? ኦፔራስ? በመጀመሪያው ዓመት ከተሸለሙት መካከል ጆርጅ ባላንሺን አለ፣ የባሌት ሰው። አርተር ሩቢንስታይን አለ፣ የክላሲካል ፒያኖ ተጫዋች። ያኔ ማንም ተነስቶ "ባሌት ስንት ሰው ያያል?" አላለም። ጃዝ ላይ ሲደረስ ነው የአድማጭ ቆጠራ የሚጀመረው።

ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። በዚህ ላይ ትንሽ ብረዝም አትፍረዱብኝ።

ችግሩ ንቀት ብቻ አይመስለኝም። የሽልማቱ ዓይን የተሠራው ማይክ ይዞ ፊት ለፊት የሚቆመውን ሰው እንዲያይ ነው። ቴሌቪዥን ነዋ። ከመጀመሪያው ጀምሮ በሲቢኤስ የሚተላለፍ ፕሮግራም ነው፣ ካሜራ ደግሞ አንድ ፊት ይፈልጋል። ጃዝ ግን የአጃቢዎች ጥበብ ነው። አጃቢ ስል የምናውቀውን ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ማለቴ ነው፣ በጃዝ ግን አጃቢው ከኋላ ሆኖ ሙዚቃውን ይሠራዋል እንጂ አይከተለውም። ዘፋኙ ከፍ ሲል ከፍ የሚያደርገው፣ ሲሳሳት ስህተቱን ዜማ የሚያስመስልለት፣ ጊዜውን ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው። ድራመሩን ቀይሩት፣ ያው ዘፈን ሌላ ዘፈን ይሆናል።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ የማይልስ ዴቪስን የ1960ዎቹን ኩዊንቴት ውሰዱ። አምስት ሰው ነው። ማይልስ ትራምፔት፣ ዌይን ሾርተር ሳክስፎን፣ ኸርቢ ሃንኮክ ፒያኖ፣ ሮን ካርተር ቤዝ፣ ቶኒ ዊሊያምስ ድራም። ስለ ጃዝ የሚያውቅ ሁሉ ከታላላቆቹ ባንዶች አንዱ ነው ይላል፣ ምክንያቱም አምስቱ እርስ በርስ እየተሰማሙ እንደ አንድ ሰው ስለሚያስቡ። ኬኔዲ ሴንተር ኸርቢን በ2013፣ ሾርተርን በ2018 ሸለመ። መሪውን ማይልስን አልሸለመም። ቶኒ ዊሊያምስ በ1997 ሞተ፣ ስሙም አልተነሳ። ሮን ካርተር ደግሞ... ይኼ ነው የሚያበግነኝ። ጊነስ በ2015 ሲመዘግበው በ2,221 ቅጂዎች ላይ ቤዝ ተጫውቷል። ሁለት ሺህ! አንድ ሰው ሁለት ሺህ ጊዜ ተጠርቶ "ና፣ ያለ አንተ አይሆንም" ከተባለ፣ ከዚህ በላይ የሕይወት ዘመን ሥራ ምን አለ? ግን ሁለት ሺህ ጊዜ የተጠራው የሌላ ሰው ስም በተጻፈበት ሸክላ ላይ ነው። ስለዚህ ኮሚቴው አያየውም። ከአንድ ባንድ ፒያኖውንና ሳክስፎኑን ሸልሞ ቤዙን መተው ቤቱን አድንቆ መሠረቱን እንደመርገጥ ነው።

አርት ብሌኪም እንዲሁ ነው። የጃዝ ሜሴንጀርስ መሪ የነበረው ድራመር። ባንዱ ትምህርት ቤት ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም። ሊ ሞርጋን፣ ፍሬዲ ሀባርድ፣ ዊንተን ማርሳሊስ ከዚያ ወጥተዋል። ዌይን ሾርተርም ከማይልስ በፊት እዚያ ነበር። ተማሪው ተሸለመ። መምህሩ በ1990 ሞተ፣ ሳይሸለም።

ከሁሉ ግን የሮይ ሄይንስን ነገር ሳስበው አንጀቴ ይቃጠላል። ድራመር ነው። ከቻርሊ ፓርከር ጋር ተጫውቷል፣ ከሳራ ቮን ጋር፣ ከሞንክ ጋር፣ ከኮልትሬን ጋር፣ በኋላም የልጅ ልጆቹ ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች ጋር። የጃዝ ታሪክ ሰው ቢሆን ሮይ ሄይንስን ይመስል ነበር። በ2024 ኖቬምበር በ99 ዓመቱ አረፈ። የዚያ ዓመት ሽልማት የተሰጠው አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ነው። ከተሸላሚዎቹ መካከል ግሬትፉል ዴድ የተባለው የሮክ ባንድ ነበረበት። 99 ዓመት ጠብቋቸዋል እኮ! ምን ያህል ይጠብቅ?

አንዳንዱ "ጃዝ ማስተርስ አጃቢዎችን ያከብራል" ይለኝ ይሆናል። ያከብራል፣ እያዘገመ። በ1982 ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ተሸላሚዎች አንዱ ሰን ራ ነበር። በሰን ራ ባንድ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሳክስፎን የነፋው፣ ከሱ ሞት በኋላም ባንዱን የያዘው ማርሻል አለን የተሸለመው በ2025 ነው። 101 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው። ከመሪው እስከ አጃቢው 43 ዓመት መንገድ ነው ማለት ነው።

እኛ ይኼን ታሪክ ባዕድ ነው ማለት አንችልም። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እዚያው ዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ሲነዳ ኖሯል፣ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ፣ ደንበኛ ሲጠፋ እየተለማመደ። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ሰዎች ማን እየነዳቸው እንደነበር የሚያውቁ አይመስለኝም። ከተማዋ ለሙዚቃ ክብር የምትሰጥበት አዳራሽ ከመንገዱ ሩቅ አልነበረም።

በነገራችን ላይ ይኼ በሽታ ከኬኔዲ ሴንተር ይቀድማል። በ1965 ፑሊትዘር የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ሽልማት የሙዚቃ ዳኞች ለጃዝ አቀናባሪውና ባንድ መሪው ዱክ ኤሊንግተን ልዩ ሽልማት ይሰጠው ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ቦርዱ እምቢ አለ። ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ተናደው ለቀቁ። ኤሊንግተን 66 ዓመቱ ነበር፣ ዕጣ ፈንታ በልጅነቴ በጣም እንድታወቅ አልፈለገችም ብሎ ቀለደ። ቀልዱ እስከ ዛሬ ይወራል፣ ቁስሉን ግን ማን ያወራል? በ1973 አዲስ አበባ ሲመጣ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ኒሻን ተቀበለ። በዓመቱ አረፈ። ፑሊትዘር ያስታወሰው በ1999 ነው፣ በተወለደ በመቶኛ ዓመቱ፣ በሞተ በ25 ዓመቱ። ሞንክንም በ2006፣ ኮልትሬንንም በ2007 እንዲሁ ከመቃብር በኋላ። መቃብር ላይ ሜዳልያ ማስቀመጥ ርካሽ ነው፣ የሞተ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ የማይፈልጉትን ነገር አይናገርም።

ሬድ ግን በሕይወት አለ፣ ተናገረም። እሱን ተከትሎ ኩከርስ የተባለው የጃዝ ቡድንም የአዲስ ዓመት ዋዜማ ዝግጅቱን ሰረዘ። "ፖለቲካ ውስጥ ምን አገባቸው፣ ሙዚቀኛ ይጫወት" የሚሉ ሰዎች አይቻለሁ። ተሸላሚውን 98 በመቶ የአገር መሪ ሲመርጥ ፖለቲካ አይደለም፣ ቫይብራፎን ተጫዋች ቤቱ ሲቀር ፖለቲካ ነው። ጎሽ!

ሮን ካርተር የተወለደው በ1937 ሜይ 4 ነው። ቀጣዩን ስም ዝርዝር የሚያወጣው ማንም ይሁን፣ 98 በመቶውንም ይያዘው፣ ከቀረው 2 በመቶ ውስጥ ለአንድ ቤዝ የሚሆን ቦታ አይጠፋም።