መስኮቱን ክፍት ማቆየት ብቻውን አይበቃም

በአይዲኢ (ኮድ መጻፊያና ማስኬጃ ሶፍትዌር) ውስጥ ስህተት ስለመፈለግ የቀረበው ጽሑፍ ጸሐፊ፣ በዊንዶውስ ላይ የኮንሶል መስኮቱ (የፕሮግራሙ ጽሑፋዊ ውጤት የሚታይበት) ወዲያው እንዳይዘጋ በፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ ቁልፍ የሚጠብቅ መስመር እንድንጨምር መክረዋል። ምክሩ ይሠራል፤ ሆኖም ለስህተት ፍለጋ ብቻ የገባ መስመር ተረስቶ ተጠቃሚው ዘንድ ሊደርስ ስለሚችል እኔ አልመርጠውም፤ ቪዥዋል ስቱዲዮ 2019ም ቢሆን ይህ መስመር ሳይኖር መስኮቱን ክፍት አድርጎ ያቆያል።

ጽሑፉ ያልነካው የውጤት መዘግየት ግን ይበልጥ ያሳስታል። በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም በሊኑክስና በማክ ከተርሚናል (ከትእዛዝ መስኮት) ጋር ሲገናኝ ውጤቱን በየመስመሩ ያወጣል፤ አይዲኢው ውጤቱን በፓይፕ (በፕሮግራሞች መካከል ዳታ በሚያስተላልፍ መስመር) ሲቀበለው ግን ጽሑፉ በበፈር (በጊዜያዊ ማከማቻ) ውስጥ ስለሚከማች፣ ብሬክፖይንት (ፕሮግራሙን ለምርመራ የሚያስቆም ምልክት) ላይ የቆመ ሰው ቀድሞ ያለፈው የፕሪንትኤፍ (ጽሑፍ የሚያወጣ ትእዛዝ) መስመር ጨርሶ ያልተፈጸመ ይመስለዋል። (እኔም ጤነኛ የሆነ ሉፕ ስመረምር ግማሽ ቀን አባክኛለሁ።) በኤፍፍለሽ ትእዛዝ በበፈሩ የተከማቸውን ወዲያው ማስወጣት ወይም ፕሮግራሙን በተርሚናል ውስጥ ማስነሳት ይህን ያስወግዳል። በቪኤስ ኮድ ደግሞ፣ ዲበገሩ (የስህተት መፈለጊያው) ምርጫውን የሚደግፍ ከሆነ፣ በላውንች ፋይሉ (የማስነሻ ቅንብሩ በሚጻፍበት) ውስጥ «ኢንተግሬትድ ተርሚናል» የሚለውን መምረጥ ከቁልፍ ሰሌዳ ግብዓት ለመቀበልም ያስችላል።

በሊኑክስ ላይ አስቀድሞ ከተነሳ ፕሮግራም ጋር ጂዲቢን (የስህተት መፈለጊያ ፕሮግራም) ማያያዝ ሲከለከል ደግሞ፣ አይዲኢውን ከመውቀስ በፊት የከርነሉን (የሥርዓተ ክወናውን እምብርት) የፒትሬስ ገደብ፣ ማለትም አንድ ፕሮግራም ሌላውን እንዳይመረምር የሚከለክለውን ቅንብር፣ መመልከት ይገባል።